የእንጨት አካል መኪኖችና ታሪካቸውን የሚያሰባስቡ ወዳጆቻቸው

በዩናይትድ ስቴትስ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት የላይኛው ባሕረ ገብ መሬት የምትገኘው አይረን ማውንቴን የተባለች ከተማ ስሟ በአማርኛ ሲተረጎም «የብረት ተራራ» ማለት ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በብረት ማዕድን ቁፋሮ ምክንያት ሲሆን፣ በመኪና ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሳው ግን በብረት ሳይሆን በእንጨት ነው። ከእርሷ ጋር ኩታ ገጠም በሆነችው ኪንግስፎርድ የፎርድ ኩባንያ ያቋቋመው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ እስከ 1951 መጨረሻ ድረስ ለመኪና የሚሆን እንጨት ሲሰነጥቅ፣ ሲያደርቅ፣ ሲልግና ሲገጣጥም ቆይቷል።

ከዚህ ፋብሪካና ከሌሎች መሰል ድርጅቶች የወጡት፣ ጎናቸውና በሮቻቸው ከእንጨት የተሠሩ መኪኖች በአሜሪካውያን ዘንድ «ዉዲ» በሚል የቁልምጫ ስም ይጠራሉ። ዛሬ ከእነዚህ መኪኖች የተረፉትን የሚፈልጉ፣ የሚጠግኑና ታሪካቸውን ከየማኅደሩ፣ ከየጋዜጣውና ከየአዛውንቱ ትዝታ የሚለቃቅሙ ሰዎች በርካታ ናቸው። አብዛኞቹ በሙያቸው የታሪክ ምሁራን አይደሉም፤ ሥራቸውን የሚያከናውኑትም በትርፍ ጊዜያቸውና በራሳቸው ወጪ ነው። ይሁን እንጂ ስለ እነዚህ መኪኖች ዛሬ ከሚታወቀው ነገር ከፍተኛ ድርሻ ያለው በእነርሱ ጥረት የተገኘው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጋሪ ወደ መኪና

መኪና በተፈለሰፈበት የመጀመሪያ ዘመን ከእንጨት የተሠራ አካል እንግዳ ነገር አልነበረም። የጥንቶቹ መኪኖች ሞተርና ሻንሲ ይለወጥ እንጂ የላይኛው አካላቸውን የሚሠሩት ቀድሞ የፈረስ ጋሪ ይሠሩ የነበሩት አናጺዎች ነበሩ። የአካሉ አጽም ከጠንካራ እንጨት ይገጣጠማል፤ በላዩም ቆርቆሮ፣ ጨርቅ ወይም ጣውላ ይለበጥበታል። ወለሉም፣ ብዙ ጊዜ የጎማው ራጂዎችም ሳይቀሩ እንጨት ነበሩ። በመሆኑም «የእንጨት መኪና» የሚለው መጠሪያ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ልዩነቱ እንጨቱ በቆርቆሮ ሳይሸፈን በግልጽ መታየቱ ላይ ነው።

ስቴሽን ዋገን የሚለው የመኪና ዓይነት ስያሜም መነሻው ከዚሁ ዘመን ነው። በባቡር ጣቢያዎች ተሳፋሪና ሻንጣ ተቀብለው ወደ ሆቴል ወይም ወደ ገጠር መኖሪያ የሚያደርሱ ጋሪዎች ነበሩ። ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ያመረተውን ሞዴል ቲ ያለ አካል፣ ሻንሲውን ብቻ መግዛት ይቻል ስለነበር፣ የየአካባቢው አናጺዎች በዚሁ ሻንሲ ላይ የጣቢያ ጋሪውን ቅርጽ ከነአግዳሚ ወንበሮቹና ከነጣራው መሥራት ጀመሩ። በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ፣ ሃንቲንግተን ከተማ የነበረው የካንትሬል ድርጅት በዚህ ሥራ ስም ካተረፉት አንዱ ነው። በኢንዲያና ግዛት ኢቫንስቪል የነበረው ሄርኩለስ ደግሞ አስቀድሞ ታዋቂ የፈረስ ጋሪ አምራች የነበረ ሲሆን፣ የጋሪ ገበያ ሲቀዘቅዝ ፊቱን ወደ መኪና አካል ሥራ አዙሯል።

በኢትዮጵያም ቢሆን የእንጨት አካል ፈጽሞ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ የቀድሞዎቹን የጭነት መኪናዎች የሚያስታውሱ ሰዎች አይስቱትም። የካሚዮኖቹ ስፖንዳና ወለል ከጣውላ ይሠራ ስለነበር ጋራዥ ያለበት አካባቢ አናጺ አይጠፋም ነበር። በአሜሪካ የነበረውም ሁኔታ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚያ ጥበቡ ለሰው መጫኛ፣ ከዚያም ለባለጸጎች መዝናኛ መዋሉ ነው።

ዋና መኪና አምራች ኩባንያ በራሱ የሽያጭ ዝርዝር ውስጥ አካቶ ካቀረባቸው ስቴሽን ዋገኖች መካከል ቀዳሚ ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1923 የወጣው የዱራንት ኩባንያ ስታር መኪና ነው። ፎርድ የራሱን ያቀረበው በ1929 በሞዴል ኤ ሻንሲ ላይ ሲሆን፣ የእንጨት ክፍሎቹ በአይረን ማውንቴን ተዘጋጅተው መገጣጠሚያቸው በዲትሮይት የሚገኘው መሬይ የተባለ የአካል ሠሪ ድርጅት ነበር።

በደኑ መካከል የተተከለ ፋብሪካ

ሄንሪ ፎርድ ለመኪና ማምረቻ የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ ሁሉ ከራሱ ይዞታ ለማግኘት ይሻ እንደነበር ይታወቃል። በ1920 በሚሺጋን የላይኛው ባሕረ ገብ መሬት ከ300 ሺህ ኤከር በላይ፣ ማለትም ከ120 ሺህ ሄክታር የሚበልጥ ደን መግዛቱ የዚሁ ዕቅድ አካል ነበር። ግዢውን በማመቻቸት የረዳው ኤድዋርድ ኪንግስፎርድ በአካባቢው የፎርድ መኪና ሻጭ የነበረ ሲሆን፣ ባለቤቱ የፎርድ የአጎት ልጅ ነበረች። በፋብሪካው ዙሪያ የተቆረቆረችው ከተማም በእርሱ ስም ተሰየመች።

ፋብሪካው እንጨት መሰንጠቂያ ብቻ አልነበረም። የእንጨት ማድረቂያ ምድጃዎች፣ የመኪና ክፍሎች የሚላጉባቸው አዳራሾችና ከእንጨት ኬሚካል የሚያወጣ ክፍል ነበረው። ከመኪናው ሥራ የተረፈው ቅንጥብጣቢና ፍቅፋቂ አይጣልም ነበር፤ እየታመቀ ከሚወጣው ልዩ ልዩ ኬሚካል በተጨማሪ የቀረው ከሰል ተፈጭቶና በማጣበቂያ ተለውሶ እኩል መጠን ባላቸው ጡቦች መልክ ይዘጋጃል። ይህ ከሰል ለገበያ የቀረበው በፎርድ ስም ሲሆን፣ ይሸጥ የነበረውም በፎርድ መኪና መሸጫዎች ነበር። ሥጋ ለመጥበስ የሚያገለግለውና ዛሬ በአሜሪካ ገበያ «ኪንግስፎርድ» በሚል ስም የሚታወቀው ከሰል ምንጩ ይኸው ነው። ከመኪኖቹ ይልቅ የመኪኖቹ ፍቅፋቂ በዕድሜ መርዘሙ የሚያስገርም ነው።

በ1936 ገደማ ፎርድ በዚያው ክልል አልበርታ የተባለች አነስተኛ የእንጨት መሰንጠቂያ መንደር አቋቋመ። መንደሯ በ1954 በሚሺጋን ለሚገኘው የማዕድንና የቴክኖሎጂ ኮሌጅ በስጦታ የተሰጠች ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የነበረው አሠራር ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ለሚሹ ከተረፉት ቦታዎች አንዷ ናት።

ከ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የፎርድ ስቴሽን ዋገን አካል ከመነሻው እስከ መጨረሻው በአይረን ማውንቴን መሠራት ጀመረ። አጽሙ ከሜፕል ዛፍ የሚሠራ ሲሆን፣ በአጽሙ መካከል የሚገቡት ስስ ጣውላዎች ከበርች፣ ከማሆጋኒና ከመሳሰሉት ይዘጋጁ ነበር። በሜፕል ላይ አልፎ አልፎ የሚታየው የወፍ ዓይን የመሰለ ነጠብጣብ ያረፈባቸው ጣውላዎች የተገጠሙላቸው መኪኖች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በልዩ ሁኔታ ይፈለጋሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የሲቪል መኪና ምርት በመቆሙ የፋብሪካው አናጺዎች ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። ሲጂ-4ኤ የተባለው፣ ሞተር የሌለውና በሌላ አውሮፕላን እየተጎተተ የሚበር ግላይደር ክንፉና ወለሉ ከእንጨት፣ የመሐል አካሉ አጽም ከብረት ቱቦ የሚሠራ ነበር። ከሁለት አብራሪዎች ሌላ 13 ወታደሮችን የሚይዘው ይህ ግላይደር በሲሲሊና በኖርማንዲ ዘመቻዎች አገልግሏል። የኪንግስፎርዱ ፋብሪካ 4,190 ግላይደሮችን በማምረት ሥራው ከተሰጣቸው 16 ድርጅቶች ሁሉ የላቀውን ቁጥር አስመዝግቧል። በአይረን ማውንቴን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ታድሶ የቆመ ግላይደር ይታያል። የመኪናውን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎችም ወደዚያ የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መኪናውንም ግላይደሩንም የሠሩት እጆች አንድ ናቸውና።

ብረት እንጨትን ሲተካ

ብዙ ሰው የእንጨት አካል ለጌጥ ሲባል የተመረጠ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የወጪ ጉዳይ መሆኑ ነው። የብረት አካል ለመሥራት ቆርቆሮውን የሚቀርጹ ግዙፍ ቅርጽ ማውጫዎችና መጫኛ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። የእነዚህ ዋጋ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ የሚመለሰው በአሥር ሺዎችና ከዚያ በላይ የሚቆጠሩ መኪኖች ሲሸጡ ብቻ ነው። ስቴሽን ዋገን ደግሞ በ1930ዎቹ የሚገዛው በትላልቅ የገጠር ይዞታዎች ባለቤቶች፣ በሆቴሎችና በትምህርት ቤቶች ስለነበር ገበያው ጠባብ ነበር። ለጥቂት ሺህ መኪኖች ከቅርጽ ማውጫ ይልቅ መጋዝ፣ መላጊያና የሰለጠነ አናጺ ይረክሳሉ። በአንድ መኪና ላይ የሚጠፋው የሰው ጉልበት ግን ብዙ በመሆኑ ስቴሽን ዋገን ከኩባንያዎቹ መኪኖች መካከል ውድ ከሚባሉት ተርታ ነበር።

ለባለቤቱም ቢሆን ጣጣው ቀላል አልነበረም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በዚህም ምክንያት መጋጠሚያዎቹ እየላሉ መኪናው በሄደ ቁጥር ይንሲያጠጣል፤ ብሎኖቹ በየጊዜው መጥበቅ ነበረባቸው። ቫርኒሹ በፀሐይና በዝናብ ስለሚላላጥ በዓመት አንድ ጊዜ ተፍቆ እንደገና መቀባት ያስፈልገው ነበር። ይህን ያላደረገ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የበሮቹ የታችኛው መጋጠሚያ ጠቁሮና በስብሶ ያገኘዋል።

ከጦርነቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ዘመን ክራይስለር በ1941 ያወጣው ታውን ኤንድ ካንትሪ በአሠራሩ የተለየ ነበር። የብረት ጣራ ያለው ሲሆን፣ የአሽ ዛፍ አጽምና የማሆጋኒ ጣውላ የለበሰው የኋላ ክፍሉ እንደ በርሜል የጎበጠ፣ በሮቹም ከመሐል ወደ ግራና ቀኝ የሚከፈቱ ነበሩ። በዚያ ዓመት የተመረቱት ከ1,000 አይበልጡም። ከጦርነቱ በኋላም ኩባንያው ጣራቸው የሚታጠፍ የእንጨት ጎን ያላቸው መኪኖችን እስከ 1949 አምርቷል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የማሆጋኒው ጣውላ በእንጨት መልክ በታተመ ልጥፍ ተተካ። ፎርድ በበኩሉ ከ1946 እስከ 1948 ስፖርትስማን የተባለ መኪና በአይረን ማውንቴን እንጨት አስጊጦ ሸጧል፤ ናሽ ኩባንያ ደግሞ በዚያው ዘመን ሰበርባን የተባለ መኪናውን 1,000 ብቻ ሠርቷል።

የለውጡ ምልክት የታየው በ1946 ነበር። ዊሊስ ኩባንያ ያቀረበው የጂፕ ስቴሽን ዋገን አካሉ በሙሉ ብረት ሲሆን፣ በንድፍ ባለሙያው ብሩክስ ስቲቨንስ አማካይነት በቀለም ብቻ እንጨት እንዲመስል ተደርጓል። በ1949 ፕሊመዝ ከእንጨት ነጻ የሆነውን ሰበርባን በመጠነኛ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ቤተሰብ መሥርተው ወደ ከተማ ዳርቻ በሚሰፍሩበት በዚያ ወቅት የስቴሽን ዋገን ፈላጊ በመብዛቱ የብረት ቅርጽ ማውጫው ወጪ አዋጪ ሆነ። ስለዚህ እንጨትን ከገበያ ያስወጣው የመኪናው ውድቀት ሳይሆን ተፈላጊነቱ መጨመሩ ነው ማለት ይቻላል።

ፎርድ ከ1949 እስከ 1951 ያመረታቸው የመጨረሻዎቹ የእንጨት ስቴሽን ዋገኖች አጽማቸው ብረት ሆኖ እንጨቱ በጎን የተገጠመባቸው ባለ ሁለት በር መኪኖች ነበሩ። በታኅሣሥ 1951 የአይረን ማውንቴኑ ፋብሪካ ተዘጋ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ፋብሪካ ዙሪያ ኑሮዋን ለመሠረተች አነስተኛ ከተማ የዚህ ውሳኔ ክብደት ምን ያህል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የከሰሉን ክፍል የአካባቢው ነጋዴዎች በአክሲዮን ገዝተው ለጥቂት ዓመታት ሥራውን በዚያው አስቀጥለዋል። ከአሜሪካ ዋና ዋና አምራቾች መካከል እውነተኛ እንጨት የአካሉ ደጋፊ የሆነበት የመጨረሻው ስቴሽን ዋገን የ1953 ቢዊክ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት «እንጨቶች» የፕላስቲክ ልጥፎች ሲሆኑ፣ እነርሱም እስከ 1990ዎቹ ዘልቀዋል።

በእንግሊዝ ሁኔታው ለየት ያለ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ በሚታደልበትና በግል መኪና ላይ ከባድ የሽያጭ ግብር በተጣለበት ጊዜ የእንጨት አካል ያለው ስቴሽን ዋገን እንደ ሥራ መኪና ይቆጠር ስለነበር ብዙ ነባር መኪኖች አካላቸው ተነቅሎ በእንጨት ተተክቷል። ከ1953 እስከ 1971 የተመረተው ሞሪስ ማይነር ትራቨለር የኋላ ክፍሉን ተሸክሞ የሚያቆመው የአሽ እንጨት አጽም ነው። በመሆኑም በአገሪቱ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ የበሰበሰ እንጨት እንደ ዛገ ሻንሲ ሁሉ መኪናውን ከመንገድ የሚያስወጣ ጉድለት ተደርጎ ይወሰዳል።

በባሕር ዳርቻ ያገኙት ሁለተኛ ዕድሜ

በ1950ዎቹ አሮጌ የእንጨት መኪና የሚፈልግ ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙዎቹ በየጓሮው በስብሰዋል፤ የሌሎቹም እንጨት ተነቅሎ ሻንሲው ለሌላ ሥራ ውሏል። በካሊፎርኒያ ደረቅ አየር የተረፉት ግን በጥቂት ገንዘብ ስለሚገኙ በማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ይገዟቸው ጀመር። በዚያ ዘመን የመንሸራተቻው ጣውላ ርዝመት ሦስት ሜትር ገደማ በመሆኑ ሌላ መኪና ውስጥ አይገባም ነበር። ስቴሽን ዋገኑ ጣውላውንም ሰዎቹንም ይይዛል፤ ሲያስፈልግም ማደሪያ ይሆናል። በ1963 በአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው «ሰርፍ ሲቲ» የተሰኘው የጃንና የዲን ዘፈን መኪናውን በስሙ ማንሳቱ ዝናውን ከባሕር ዳርቻው አልፎ በመላ አገሪቱ አዳርሶታል።

ይህ ታሪክ ለመኪኖቹ መትረፍ ትልቅ አስተዋጽኦ ቢኖረውም አንድ የተዛባ ግንዛቤ ፈጥሯል። የእንጨት መኪና ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ ወደ ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ይሄዳል፤ የሚሺጋን አናጺዎች፣ የኒውዮርክ ጋሪ ሠሪዎችና የአርካንሳሱ የፔኪን እንጨት ሥራ ድርጅት፣ ማለትም ለክራይስለር እንጨቱን ያዘጋጅ የነበረው፣ ተረስተዋል። የታሪክ አሰባሳቢዎቹ አንዱ ጥረት ይህንኑ ማስተካከል ነው።

ብሔራዊ የዉዲ ክበብ የተመሠረተው በ1974 ሲሆን፣ ለአባላቱ የሚያሳትመው መጽሔት የክፍሎች ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን የየፋብሪካውን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች የሚወጡበት መድረክ ሆኖ ቆይቷል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ኤንሲኒታስ ከተማ በሙንላይት ባሕር ዳርቻ የሳንዲያጎ ክበብ የሚያዘጋጀው የመስከረም ወር ትርኢት በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንጨት መኪኖች ጎን ለጎን የሚቆሙበት በመሆኑ ይታወቃል።

ታሪክን በቁርጥራጭ መገጣጠም

የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ማቋቋም የጀመሩት ከዚህም ቀደም ብለው ነው። የአሜሪካ የጥንታዊ መኪና ክበብ የተቋቋመው በ1935 በፊላዴልፊያ ሲሆን፣ በፔንሲልቬንያ ኸርሺ ከተማ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ወር በዚያው የሚካሄደው ገበያም የጠፉ ክፍሎችን ብቻ ሳይሆን የሽያጭ መግለጫዎችን፣ የጥገና መመሪያዎችንና አሮጌ ፎቶግራፎችን የሚፈልጉ ሁሉ የሚገናኙበት ነው። የመኪና ታሪክ ጸሐፊዎች ማኅበር የተመሠረተውም በ1969 በዚህችው ከተማ ነው። በዲርቦርን የሚገኘው የቤንሰን ፎርድ የምርምር ማዕከል ደግሞ የፎርድ ኩባንያን ደብዳቤዎች፣ ንድፎችና ፎቶግራፎች በብዛት ይዟል።

ችግሩ ማኅደር ያላቸው ትላልቆቹ ኩባንያዎች ብቻ መሆናቸው ነው። በየከተማው አካል ይሠሩ የነበሩት ትናንሽ ድርጅቶች ሲዘጉ መዝገባቸው አብሮ ተጥሏል። በመሆኑም አንድ ሰው የገዛው የእንጨት አካል በማን፣ መቼና የት እንደተሠራ ለማወቅ ሲሻ መነሻው መኪናው ራሱ ይሆናል። በበሩ ግርጌ ወይም በወንበሩ ሥር የተመታ የአምራች ሰሌዳ ካለ ሥራው ይቀላል። ከሌለ ግን የመጋጠሚያው አሠራር፣ የማጠፊያዎቹ ዓይነት፣ የእንጨቱ ዝርያና የብሎኖቹ አቀማመጥ ከታወቁ መኪኖች ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ የአካባቢው ጋዜጣ ማስታወቂያዎች፣ የከተማው የንግድ ማውጫዎች፣ የሠራተኛ ቤተሰቦች አልበሞችና በሕይወት ያሉ አዛውንቶች ይጠየቃሉ። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በስተጀርባው የሚታየው ሕንጻና የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ግን ቦታውንና ዓመቱን ሊያስታውቁ ይችላሉ።

መዝገብ ባይኖር ኖሮ ምን ይጠፋ እንደነበር ለመረዳት የኢትዮጵያን ምሳሌ ማየት ይቻላል። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከጅቡቲ ተነስቶ በበረሃና በተራራ መኪና እየነዳ ወደ አዲስ አበባ ያደረገው ጉዞ በዝርዝር የሚታወቀው ክሊፎርድ ሃሌ ታሪኩን ጽፎ በ1913 ለንደን ውስጥ በማሳተሙ ነው። መንገድ የጠረጉለትና መኪናውን በገመድ የጎተቱለት ሰዎች የሚያወሱት ነገር ግን በዚያው ልክ አልተጻፈም። በሚሺጋንም ቢሆን የሄንሪ ፎርድ ደብዳቤ በጥንቃቄ ተቀምጦ በሩን የገጠመው አናጺ ስም አይገኝም። የአካባቢ ታሪክ አሰባሳቢዎች የሚደክሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የጥገናው ሥራ ራሱ የታሪክ ምርመራ ነው። አሮጌው እንጨት በሚፈታበት ጊዜ እያንዳንዱ ቁራጭ ይለካል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። የጠቆረው በተለየ አሲድ ይነጣል፤ በከፊል የበሰበሰው በኢፖክሲ ይጠነክራል፤ ፈጽሞ የማይሆነው ደግሞ አዲሱን ለመቁረጥ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። የጎበጡት ምሰሶዎች ባብዛኛው ከወፍራም ጣውላ ተቆርጠው የሚወጡ እንጂ በእንፋሎት የታጠፉ አይደሉም። በዚህም የተነሳ ከአንድ ትልቅ ግንድ የሚገኘው ጠቃሚ ቁራጭ ጥቂት ነው። ጣቶች እንደተጠላለፉ ሆነው የሚገጥሙት የፋብሪካው መጋጠሚያዎች በእጅ ሲሠሩ ትዕግሥት የሚፈታተኑ ናቸው። በመጨረሻ ለመርከብ የሚያገለግል ቫርኒሽ በብዙ ድርብ ይቀባል፤ በድርቦቹ መካከልም በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል።

እዚህ ላይ ወዳጆቹን ሁልጊዜ የሚያከራክር ጉዳይ አለ። ሞተሩና ሻንሲው የ1940 ሆኖ እንጨቱ በሙሉ ባለፈው ዓመት የተሠራ መኪና የ1940 መኪና ነው ወይ? አንዳንዶች እንጨት በባሕርይው የሚተካ ስለሆነ፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸውም መለዋወጫ ይሸጡ ስለነበር ጥያቄው ትርጉም የለውም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የቀድሞው አናጺ መሮ ያረፈበት እንጨት ቢሰነጠቅም ቢጠቁርም መቆየት አለበት ባይ ናቸው። ክርክሩ የገንዘብም ጭምር ነው። የክራይስለር ታውን ኤንድ ካንትሪ ታጣፊ ጣራ መኪኖች በጨረታ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጡ ቆይተዋል። ዋጋው እንዲህ ሲሆን ከተራ መኪና ላይ አዲስ የእንጨት አካል ገጥሞ እንደ ነባር ለመሸጥ የሚፈተን አይጠፋም። ገዢውን ከዚህ የሚጠብቀው በትርፍ ጊዜያቸው ቁጥርና ሰሌዳ ሲመዘግቡ የኖሩት ሰዎች ያጠናቀሩት መዝገብ ነው። የተሻለው አካሄድ ነባሩን በተቻለ መጠን ማቆየትና የተተካውን ሳይደብቁ በጽሑፍ መያዝ መሆኑን ይህ ብቻ ያሳያል።

የአሽ ዛፍ ጉዳይ

የተረፉት መኪኖች ሊቆዩ የሚችሉት ተስማሚ እንጨት እስከተገኘ ድረስ ነው። አሽ በእጽዋት ምደባ ከወይራ ጋር አንድ ቤተሰብ ሲሆን፣ ጠንካራና ሳይሰበር የሚለመጥ በመሆኑ ለመጥረቢያ እጀታ፣ ለጋሪና ለመኪና አጽም ተመራጭ ነበር። በ2002 በዲትሮይት አቅራቢያ፣ ማለትም በአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ እምብርት፣ ከእስያ እንደመጣ የሚታመን አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ። ጥንዚዛው እንቁላሉን በቅርፊቱ ስንጥቅ ይጥላል፤ ትሉ ከቅርፊቱ ሥር እየበላ ውኃና ምግብ የሚተላለፍበትን መንገድ ይቆርጣል። ዛፉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎች በዚህ ሁኔታ ጠፍተዋል።

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የአሽ እንጨት ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር ጥሎት የነበረውን የፌዴራል ክልከላ ጥንዚዛውን ሊገታ ባለመቻሉ በጥር 2021 አንስቷል፤ ትኩረቱንም ጥንዚዛውን የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦችን ወደ ማሰራጨት አዙሯል። በአውሮፓ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋ ፈንገስ ዛፉን እየጎዳ ሲሆን፣ በ2012 እንግሊዝ መግባቱ ተረጋግጧል። በዚያ አገር የሞርጋን ኩባንያ ዛሬም የስፖርት መኪኖቹን አጽም ከአሽ ይሠራል፤ የሞሪስ ትራቨለር ባለቤቶችም መለዋወጫቸው የሚገኘው ከዚሁ ዛፍ ነው።

ጥንዚዛው ሜፕልን ስለማይነካ አጽማቸው ከሜፕል የሆኑት የአይረን ማውንቴን ፎርዶች ከዚህ ስጋት ነጻ ናቸው። የክራይስለሮቹና የ1953ቱ ቢዊክ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። የደረቀ አሽ ቶሎ ከተቆረጠ እንጨቱ ይጠቅማል፤ ቆሞ ከቆየ ግን በፍጥነት ተሰባሪ ስለሚሆን ለመኪና አይውልም። በተለመደው የአናጺዎች ስሌት መሠረት ጣውላ በአየር ለመድረቅ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ለበር ምሰሶ የሚሆን የሦስት ኢንች ጣውላ ዛሬ ቢሰነጠቅ መላጊያ የሚነካው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።